በቁልፍ የተጠበቁት ባጆች

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍሁት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ የቆመ ሰው ጣናን ያያል፤ ደንገሉን፣ ታንኳዎቹን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የሚመጣውን ማዕበል ያያል። እኔ በሩን ዘግቼ፣ ጥቁሩን መጋረጃ ስቤ፣ በአንዲት ቀይ አምፖል ሥር እቀመጥ ነበር። የባሕር ዳር ሙቀት የታወቀ ነው። ላቤ ጠረጴዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴ ላይ ፎጣ አስር ነበር፤ አንዲት የላብ ጠብታ ብዙ የተደከመበትን ነገር ታበላሻለችና።

ፊዚክስን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። የመጀመሪያ ምርጫዬ ፋርማሲ ነበር፤ ፊዚክስን ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብዬ ከመጨረሻው መስመር ላይ ጻፍሁት። ምደባው ሲመጣ የወጣልኝ ያ የመጨረሻው ነው። ዱርቤቴ ከተማ የሚያስተምረው አባቴ፣ «ምደባ አይከሰስም። ያስቀመጡሽ ቦታ ተቀመጪና ተማሪ» አለኝ። ተቀመጥሁ።

ላቦራቶሪ ገብቼ መሥራት የጀመርሁት በወረንጦ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ የተጠቀምሁበትን ወረንጦ ጠርጌ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ መለስሁት። መምህሩ ጨርቁን ፈትተው አዩት። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ትከሻቸው ላይ የሰፋ ሰው ናቸው። «ይኸን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልሁ። «እንግዲያው ነገ ከሰዓት በኋላ ነዪ» አሉ። እኔ ሰው ሲያዝዘኝ ደስ የሚለኝ ልጅ ነበርሁ፤ በነጋታው ከሰዓቱ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዳንድ ድንጋይና አንዳንድ ጨው ጨረር ሲያርፍባቸው ይይዙታል። ለዓመታትም ቢሆን ዝም ብለው ይይዙታል። ሲሞቁ ግን የያዙትን በብርሃን መልክ ይለቅቁታል። ብርሃኑ በጣም ደካማ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ በማሽኑ ውስጥ ያለ ቱቦ ያየውና ብዕር በወረቀት ጥቅል ላይ ይሥለዋል። ብዙ የያዘ ከሆነ ብዕሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካልያዘ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ባዶ ነው። ሁለተኛ ቢያሞቁት የሚሰጠው ነገር የለም።

ማሽኑ ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ሲራገፍ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ መለዋወጫ ተጠይቆለት አልመጣም። በስንጥቁ ብርሃን ስለሚገባ ማሽኑን ብቻ ማጨለም ሲገባ ክፍሉን በሙሉ አጨለሙት። ማሞቅ ከተጀመረ ቀይዋም አምፖል ትጠፋለች፤ የብዕሩ ወረቀት ላይ ብቻ፣ በካርቶን የተከለለች የባትሪ ጭላንጭል ትቀራለች። እስኪጨርስና እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሩ አይከፈትም። ዲኑ ቢያንኳኩም አይከፈትም።

ሁለት ዓይነት ሥራ ነበረን። አንደኛው የመምህሩ የራሳቸው ጥናት ነው። ሐይቁ ዳር ለውኃ መሳቢያ ቦይ ሲቆፈር የወጡ የሸክላ ስባሪዎች ነበሩ፤ ሸክላው እሳት ላይ ከተተኮሰ ጀምሮ የያዘውን ጨረር በመለካት ዕድሜውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ለሆስፒታሉ የምንሠራው ነው። ራጅ ክፍል የሚሠሩና የሚገቡ ሰዎች ደረታቸው ላይ የሚያደርጓቸው ባጆች አሉ፤ በያንዳንዱ ውስጥ የክኒን ቁራጭ የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ ጠጠሮች ተቀምጠዋል። በየወሩ ባጆቹን እየሰበሰብን፣ ጠጠሮቹን እያሞቅን፣ ሰዎቹ ምን ያህል ጨረር እንዳገኛቸው እንጽፋለን።

ዶርም ስለጠበበ ከተማው ውስጥ ዘመድ ያላቸው ተማሪዎች እንዲወጡ ተደርጎ ነበርና እኔ የምኖረው ታላቅ እኅቴ ቤት ነው። እኅቴ የምትሠራው ደግሞ እዚያው ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍል ነው። ባጆቹን ከሆስፒታሉ የማመጣውም፣ የምመልሰውም እኔ ሆንሁ።

እኅቴ ምላሷ ስለታም ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ ሰሜን ስንቅ ያመላልሳል፤ ሲመጣ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ሳይታጠብ ይጠራል። ከተጋቡ ወዲህ ፅንስ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። እኔ በገባሁበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሦስተኛውን እንደያዘች ነገረችኝ። የነገረችኝ ልብስ እያጣጠፈች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ነው።

«ከዚያ ክፍል ካልወጣሁ ይኸም አይተርፍልኝም» አለች።

«ታዲያ እንዲያዛውሩሽ ጠይቂያቸዋ፣ እትዬ።»

«ጠየቅሁ እንጂ። ኃላፊው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ባጅሽ ምን ይላል?› አሉኝ። ባጅ አፍ አለው እንዴ?»

«አለው» አልኋት። «የሚናገረውን የምሰማው እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ?» አለች። «ትናንት ቂጣ ያሳረርሽው ልጅ?»

የሆስፒታሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሰሜን የሚመጣው ቁስለኛ በዝቷል፤ ራጅ ማንሣት የሚችል ሰው ግን ከእኅቴ በቀር የለም። ማንም ሰው ከተመደበበት በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ የሚሄድበት ጊዜም አይደለም። ነገሩን የቋጩት በአንድ ቃል ነው፤ ባጁ ጉዳት አለ ካለ አዛውራለሁ፣ ካላለ አላዛውርም።

የዚያን ወር ባጆች ስናነብ የእኅቴን አስቀድሜ አነሣሁ። የእኅቴን ጠጠሮች ጨምሬ ክዳኑን ገጠምሁ። ጨለመ። ማሽኑ ሲግል የሚሸት አንድ ሽታ አለ፤ የተተኮሰ ጨርቅ ይመስላል። ብዕሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሁለተኛውም ጠጠር እንደዚያው። ከመሳቢያችን አውጥተን ለማነጻጸሪያ የምናነበው፣ ጨረር ያልደረሰበት ጠጠር አለ፤ የእኅቴ መስመር ከእሱ መስመር ተደራርቦ ቢታይ ልዩነት አልነበረውም።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድሁት በሩጫ ነው። እኅቴ ግቢ ውስጥ የሥራ ጋወኗን ታጥባለች።

«ምንም የለም» አልኋት። «ንጹሕ ነው። ምንም አልነካሽም።»

ጋወኑን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እጇን እንኳ ሳታደርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ደስ ብሎሽ ነው የሮጥሽ?» አለችኝ።

«አዎ። ደስ አይልም?»

«እንግዲህ ተቆለፈብኝ። በገዛ እኅቴ እጅ።»

ቀጥላም እንዲህ አለች፤ «ቆሞ ራጅ መነሣት የማይችል ሰው ሲመጣ ማን ይይዘዋል መሰለሽ? ግድግዳው? እኔ ነኝ አቅፌ የምይዘው። ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ ተቀድዷል። ማሽኑ ጩኸቱን ሲለቅ እኔ ከቁስለኛው ጋር ነኝ። ንጹሕ ነው ይለኛል የአንቺ ጠጠር።»

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ ደክሞኝ ነበርና ተኛሁ። ግን ነገሩ እንደ እሾኽ ተሰክቶብኝ ቀረ። እኅቴ አትዋሽም። ብዕሩም አይዋሽም።

ጥር በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች መምህሩ አፈር ለማምጣት ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውኝ ሄዱ። ቦዩ ክፍት ነበር። ስባሪዎቹ ከወጡበት ከግድግዳው ላይ አፈር እየፋቅሁ በጣሳ አጠራቅማለሁ። ደንገል የጫነ ታንኳ ከፊታችን አለፈ። ብዙ ጊዜ በጨለማ ስለምቀመጥ የውኃው ነጸብራቅ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

«አፈሩ ምን ያደርግልናል?» አልኋቸው። «የምንለካው ሸክላውን አይደለም?»

«ሸክላው የሚነግረን ስለተቀመጠበት ቦታ ነው» አሉ። «ጨረሩን ያገኘው በዙሪያው ካለው አፈር ነው። እዚህ የተቀበረውን ወስደሽ የይፋግ አፈር ብትለኪለት የማይሆን ዕድሜ ይሰጥሻል። ሸክላው ልክ ነው፣ ማሽኑ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስሕተት። መጀመሪያ የት እንደነበረ መጠየቅ ነው።»

ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያሰብሁት ሸክላውን አልነበረም።

በነጋታው ምሳ ቋጥሬ ለእኅቴ ወሰድሁላት። ከዚያ በፊት ባጆቹን የምቀበለው ከበሩ አጠገብ ካለው ቢሮ ስለነበር ራጅ ክፍሉ ድረስ ገብቼ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቁስለኞች በቃሬዛ ተደርድረዋል። አንዱ፣ እግሩ በእንጨት የታሰረ ወጣት፣ የምሳ ዕቃውን አይቶ «እኅቴ፣ ለኛ ነው?» አለኝ፤ አጠገቡ ያሉት ሣቁ። እኅቴ በሩን ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት ደረቷን ነው። ጋወኑ ላይ ምንም የለም።

«ባጅሽ የት አለ?»

«የት ይሆናል? ተቀምጧል።»

«የት?»

«ንብረት ክፍል ነዋ።»

ይዛኝ ሄደች። ንብረት ክፍሉ በግቢው ሌላ ጫፍ፣ ከልብስ ማጠቢያው አልፎ ነው። የብረት ቁም ሳጥን አለ። የንብረት ኃላፊው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ፣ ከወገቡ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተው። ባጆቹ በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልለው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል። አቧራ እንኳ አልነካቸውም።

«ተመልከች» አለኝ በኩራት። «እኔ እጅ ከገባ አንድም አልጠፋም። ወር ሲያልቅ አውጥቼ ለበሩ ቢሮ እሰጣለሁ፤ አንቺ ስትመልሺ መልሼ እቆልፋለሁ።»

ስንወጣ እኅቴ ነገሩን አስረዳችኝ። ባጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ ሁሉም ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ለባጁ ፈርሟል፤ የሕዝብ ንብረት ነው። ገና ወር ሳይሞላ የአንድ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ባጅ ከጋወኑ ጋር ልብስ ማጠቢያ ገብቶ ጠፋ። ድሬሰሩን በስብሰባ ላይ አቁመው የሕዝብ ንብረት አባካኝ አሉት፤ በራሱ ላይ ሂስ እስኪያወርድ ድረስ አላስቀመጡትም። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተሰባስበው ንብረት ክፍሉን ለመኑት፤ ቆልፍልን ብለው።

«ማንም አላስገደደንም» አለች። «እኛው ነን የለመንነው።»

«እትዬ፣ ባጁ እኮ የለካው ቁም ሳጥኑን ነው።»

ቆመች። ከዚያ ሣቀች፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞር እስኪሉ ድረስ ሣቀች። «ቁም ሳጥኑማ ደኅና ነው!» አለች። «ቁም ሳጥኑ ይወልዳል፣ በሰላም ይገላገላል።» ሣቋ ሲያልቅ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

ለመምህሩ ስነግራቸው ጠረጴዛውን በአልኮል እየወለወሉ ነበር። አላቋረጡም።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የሁሉም መስመር በየወሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሆኖ እንደዚያ አንድ ዓይነት የሚሆን የለም።»

«ለምን አልጠየቋቸውም?»

ጨርቁን አጠፉት። «ይኸን ክፍል ለውይይት ክበብ ይፈልጉታል። ታውቂያለሽ? በየስብሰባው ይነሣል። ‹ገል እያሞቁ ነው› ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው ‹ለሆስፒታሉ ሠራተኞች ደኅንነት እንሠራለን› ብዬ ነው። ሆስፒታሉ ተቀይሞ ባጁን ባይልክ፣ ነገ እዚህ ወንበር ደርድረው ያገኙሻል።» ማሽኑን በእጃቸው ነካ አደረጉት። «ይኸን የትም ላስቀምጠው አልችልም። ተምሬ ስመጣ የሰጡኝ እሱን ነው፤ ከእሱ ውጭ እኔም ቦታ የለኝም።»

እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም። እኅቴም አለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማስደሰት የምችልበት መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ እዚያው ቆሜ አሰብሁ፤ አልታየኝም።

«እኅትሽ ናት አይደል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

ነገርኋቸው። «እንግዲያው ባጁን ትልበሰው» አሉ። «አንድ ወር ትልበሰው፤ እናነበዋለን። ከዚያ ጽፌ እፈርማለሁ።»

በሩ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። ጉዳት መኖሩ እንዲታወቅ ጉዳቱ መድረስ አለበት። ከዚያ ክፍል ለመውጣት ሌላ ወር እዚያ ክፍል መቆየት አለባት። ተመልሼ፣ «ሌላ መንገድ የለም?» አልኋቸው። «ጠጠሩ ያላየውን አይናገርም» አሉ።

ለእኅቴ የነገርኋት እራት ስንበላ ነው። ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

«እኔን እንዲያዛውሩ ልጄን ላስለካ ነው?» አለች።

«ተይው ካልሽ ይቀራል።»

«ቢቀርስ የት እሄዳለሁ? ብለብሰውም ባልለብሰውም ነገ ጠዋት እዚያው ነኝ።» ጉርሻዋን ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች። «ቢያንስ ምስክር ይኑረኝ። መርፌና ክር አምጪ።»

ከቀሚሷ በውስጥ በኩል፣ ከእንብርቷ ከፍ ብሎ፣ ከአሮጌ የትራስ ልብስ ትንሽ ኪስ ሰፋችለት። ባጁን ከተተችና አፉን ደግሞ ሰፋችው። ለጥንቃቄ በመርፌ ቁልፍም ያዘችው። የንብረት ኃላፊው፣ «ባጅሽን አታስገቢም?» ሲላት «አስገባለሁ» ትለዋለች፤ በነጋታውም «አስገባለሁ» ትለዋለች። «ቢጠፋ እኔ የለሁበትም፤ ስብሰባው ላይ እንደምትቆሚ እወቂው» አላት አንድ ቀን። «ብቆም ምን አለበት፤ ተቀምጬ አላውቅ» አለችው።

እንደዚያ ወር የረዘመብኝ ጊዜ የለም። እኅቴ ማታ ስትገባ ከሰላምታ በፊት እጄን ኪሱ ላይ አድርጌ ባጁ መኖሩን አያለሁ። ከባጁ ጀርባ ሆዷ ነው። ለጥምቀት ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ እሷ ተረኛ ስለነበረች አልወጣችም፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን አጥር ተጠግቼ ቆምሁ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ብዕሩ ከፍ ይበል ብል እንዲነካት መለመኔ ነው። ከፍ አይበል ብል እዚያው ትቅር ማለቴ ነው። በመጨረሻ ምንም ሳልል ተመለስሁ።

ወሩ ሲያልቅ ኪሱን በመቀስ የፈታሁት እኔ ነኝ። ክሩ በላብ ጠቁሯል።

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከመምህሩ ጋር ሆነን መጀመሪያ የማነጻጸሪያውን ጠጠር አነበብን፤ ብዕሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ከእኅቴ ባጅ አንዱን ጠጠር በወረንጦ አንሥቼ ጨመርሁ። ብዕሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። ሲወጣ ግን ይንጫጫል፤ በጥፍር ሰሌዳ የመቧጨር ያህል ነው። በሸክላዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሰው ባጅ ላይ ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ወጣ፤ ወጣ፤ ከወረቀቱ አናት አካባቢ ታጥፎ ወረደ። ፎጣዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ሲቀዘቅዝ ሁለተኛውን ጠጠር አነሣሁ። መምህሩ በጨለማው ውስጥ እጄን ያዙኝ።

«ይቺ ትቆይ» አሉ። በወፍራም የእርሳስ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ገጠሙት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጽፈው ፈረሙ። ወረቀቱን እኔ ለሆስፒታሉ ወሰድሁት። መልሱን ያመጣችው እኅቴ ናት። ኃላፊው ጠርተዋት፣ እስካሁን በየወሩ ንጹሕ የነበረ ዛሬ ብቻ እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ድጋሚ ይነበብ ብለዋል።

«ድጋሚ አይነበብም እኮ» አልሁ። «ከሞቀ በኋላ ባዶ ነው።»

«ነገርኋቸው። ‹እንግዲያው ሌላ ወር ልበሺና ይታያል› አሉኝ።» ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች።

ለመምህሩ ስነግራቸው ኮታቸውን ለበሱ። «አንቺ ሂጂና ክፍሉን አዘጋጂ» አሉኝ። ምን ብለው እንደለመኗቸው አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉን ኃላፊ ይዘዋቸው መጡ። ሰውዬው ወፍራም፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ ማጣት የቀላ፣ ቁጭ ሲሉ የሚያቃስቱ ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት ከንብረት ክፍሉ ቁም ሳጥን ሌላ ባጅ፣ የየትኛውም ሠራተኛ ቢሆን፣ ራሳቸው አንሥተው እንዲመጡ መምህሩ ጠይቀዋቸው ነበርና በኪሳቸው ይዘዋል።

በሩን ዘጋሁ፤ መጋረጃውን ሳብሁ።

«ይኸ እስር ቤት ነው» አሉ ኃላፊው።

«ወንበሩ እዚያ ነው፣ ጓድ ዶክተር» አሉ መምህሩ። «ከጀመርን በኋላ በሩ አይከፈትም።»

«ቁስለኛ ቢመጣብኝስ?»

«ይጠብቃል። እዚህም የምናነባት ሴት ቁስለኛ ናት።»

መጀመሪያ የማነጻጸሪያውን ጠጠር አነበብን። ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ከቁም ሳጥኑ የመጣውን። እሱም ቀጥ ብሎ ሄደ። «ይኸው፣ ደኅና ነው» አሉ ኃላፊው። መምህሩ የእርሳስ ዕቃውን ክዳን ሲከፍቱ ሰማሁ። ወረንጦውን ሰጡኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ጠጠር ብጥል ሌላ የለም፤ እኅቴ ሌላ ወር ትገባለች። ትንፋሼን ይዤ አስቀመጥኋት።

ሙቀቱ ጨመረ። ሽታው መጣ። ከዚያ ብዕሩ መንጫጫት ጀመረ።

ኃላፊው ወንበሩን ጎትተው ተጠጉ። በጭላንጭሏ ውስጥ የሚታየው ብዕሩና የእሳቸው አገጭ ብቻ ነው። ብዕሩ አናቱ ላይ ደርሶ ሲታጠፍ አየሁ፤ እንዳለፈው ነው። ብዕሩ ወርዶ ዝም ካለ በኋላ ኃላፊው፣ «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት ያላችሁት ሁሉም ነው?» አሉ።

«ሁሉም» አልሁ።

«የኔም አለ እዚያ ውስጥ» አሉ። «ፈርሜበታለሁ። እኔም እኮ የተሰበረ አጥንት ስመልስ ራጁ ሥር እጄን አስገባለሁ።» እጃቸውን ወደ ጭላንጭሏ አቀረቡና አገላብጠው አዩት። «ስንት ጊዜ።» ከዚያ ተነሡ። «በሩን ክፈቱልኝ።»

«እስኪቀዘቅዝ ነው፣ ጓድ ዶክተር» አሉ መምህሩ።

«ጨርሷል እኮ።»

«ባልቀዘቀዘበት ብርሃን ካየ ቱቦው ይቃጠላል። ሌላ ቱቦ የለንም።»

ሰውዬው ተመልሰው ቁጭ አሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሦስታችንም ላብ እየወረደ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማውን ጠቅ ጠቅ እየሰማን ጠበቅን። መጋረጃውን ስከፍት ኃላፊው ሐይቁ ወደሚታይበት የኮሪደሩ ጫፍ ሄደው ብዙ ቆዩ።

እኅቴ በሳምንቱ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወለደች፤ ሴት ናት፣ ድምፃም ናት፣ ምላሷ የእናቷ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ዱርቤቴ ክረምቱን እየገፋሁ ይኸን ስጽፍ፣ እኅቴ ልትታረስ አባታችን ቤት መጥታለችና፣ አጠገቤ ካለው ክፍል ሁለቱም ተኝተዋል። ልጅቷን ሳቅፍ አንዳንድ ጊዜ ዓይኗን፣ ጣቷን፣ ጆሮዋን አያለሁ። እኅቴ ታየኝና፣ «ምን ታነቢያለሽ?» ትለኛለች።

ኃላፊው ባጆቹ ከቁም ሳጥን ወጥተው በየደረቱ እንዲሆኑ አዘዙ። የንብረት ኃላፊው ቢጠፋ እኔ የለሁበትም ብሎ በጽሑፍ አስገባ። እኅቴ ለሁሉም ጋወኖች ከአሮጌ የትራስ ልብስ ኪስ ሰፋችላቸው።

ራጅ ክፍሉ ግን ባዶ ሊሆን አይችልም። የተመደበው ያ ባጁ ልብስ ማጠቢያ ገብቶ የጠፋበት ድሬሰር ነው። እኅቴ አሠራሩን አሳየችው። ለእሱ የደረሰው ባጅ የእሷው ነው። ከመስጠቴ በፊት ሁለቱን ጠጠሮች ለጥንቃቄ ደግሜ ምድጃ ውስጥ አሞቅኋቸው፤ ከእኅቴ ምንም አልቀረባቸውም። በወሩ መጨረሻ ኪሱን ፈትቼ አነበብሁት። ብዕሩ ተንጫጫ። መምህሩ ጽፈው ፈረሙ። በተከታዩም ወር እንደዚያው።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ባጁን ልመልስለት ሄጄ በሆስፒታሉ በር አገኘሁት። ጋወኑን በትከሻው ጥሏል፤ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«እንዴት ነኝ?» አለኝ።

ንጹሕ ነህ ማለት በጣም አማረኝ። ሰው ሲደሰት ማየት እወዳለሁ።

«ወጥቷል» አልሁት። «ባለፈው እንዳለው ነው። ለኃላፊው ይጻፍልሃል፣ መምህሩ ፈርመዋል። እንዲያዛውሩህ ጠይቅ።»

ሸንኮራውን ተፋ። «እኔ እርጉዝ አይደለሁ» አለ። «ምን ብዬ?»

ባጁን ተቀበለኝ። ኪሱ ውስጥ ከትቶ አፉን የሚሰፋለት ሰው ስላጣ መርፌ ቁልፉን ራሱ አስገባው። ከኮሪደሩ ጠሩት፤ ቃሬዛ መጥቷል። «መጣሁ» ብሎ ገባ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።